የላም ሆድ ከኋላ ሲታይ

ላምን ከኋላዋ ቆሞ ላስተዋላት ሁለቱ ጎኖቿ አይመሳሰሉም። ግራው ሰፋና ሞላ ይላል፤ ቀኙ ሸሸት ይላል። ለከብት አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ አንዱ ጎን ገፍቶ ሌላው ካልገፋ አንድ ነገር ቢኖር ነው ይላል። ከብት ያሳደገ ሰው ግን ሆዱ እኩል አለመሆኑ ብቻውን አያስጨንቀውም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። የገፋው የቱ ጎን ነው? ከላይ ነው ወይስ ከታች? ከመቼ ወዲህ? ደግሞስ ታመሰኳለች ወይ?

ረሆቮት በላም የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1890 ከተቆረቆረች ወዲህ ስሟ ከወይንና ከብርቱካን ጋር ነው የሚነሳው፤ በአርማዋ ላይም ያለው ብርቱካን እንጂ ቀንድ አይደለም። ይሁንና የእስራኤል የከብት ሐኪሞች መንገድ በዚች ከተማ ያልፋል። የኢየሩሳሌሙ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲው ከ1942 ጀምሮ ረሆቮት ነው። በአገሪቱ ብቸኛ የሆነው የኮሬት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም በ1985 የተከፈተው በዚሁ ፋኩልቲ ሥር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስታምምበት ሆስፒታል ከከተማዋ በስተሰሜን ቤት ዳጋን አካባቢ ቢሆንም፣ ወተት የምትሰጥ ላም አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል አትሄድም፤ ሐኪሙ ነው ወደ ረፈቱ፣ ማለትም ወደ ላሞቹ በረት፣ የሚመጣው። ለዚህም የከብት ባለቤቶች በ1919 ያቋቋሙት ሐቅላኢት የተባለ የኅብረት ማኅበር አለ፤ አባላቱ ላሞቻቸውን ያስመዘግባሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ሐኪሙ እየዞረ ያያል።

በዚያችው ከተማ ኪርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር አለ። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከእነ ልጆቻቸው የሚኖሩበት ነው። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከሰሜን ተነስተው እዚህ የደረሱት አባቶችና እናቶች ገበሬዎች ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከብት ያልጠበቀ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት የላም ዕውቀት ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፣ አንዱ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ሌላው ጋቢ የደረበ። የሚገርመው ግን ሁለቱም የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው። እረኛ ከብቱን የሚነዳው ከኋላ ነውና ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኋላዋን ነው። የሐኪሙ መጽሐፍም ሆድ ስትመረምር መጀመሪያ ከላሚቱ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ርቀህ ቁም ነው የሚለው።

ጎኖቿ እኩል የማይሆኑበት ምክንያት አፈጣጠሯ ነው። የላም ጨጓራ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ክፍል ከ100 እስከ 200 ሊትር ይይዛል፤ ከሳንባ በታች ካለው ስስ ግድግዳ ተነስቶ እስከ ዳሌ ድረስ የሆዷን ግራ ጎን ለብቻው ይዞታል ማለት ይቻላል። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ሣሩን የሚያብላሉት እዚያ ነው። ሴቶቻችን ደጋግመው ቢያጥቡት አልጠራ የሚላቸው ሽንፍላና እንደ ሰው ጨጓራ አሲድ የሚያመነጨው አራተኛው ክፍል ወደ ቀኝና ወደ ታች ይተኛሉ። አንጀቱም ያለው በቀኝ ነው። ስታረግዝ ማኅፀኑ ግራውን በትልቁ ጨጓራ ተይዞ ስለሚያገኘው ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ወራት የቀኝ ጎኗ ታችኛው ክፍል የሚወርደውና ጥጃው ሲራገጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጠግባ የመጣች ላም ግራዋ ቢሞላ፣ እርጉዝ ላም ቀኟ ከታች ቢወርድ፣ ስድስት ሰባት የወለደች አሮጊት ላም ሆዷ ቢንጠለጠል፣ ይህ ሁሉ ጤና ነው። መንታ የያዘችማ ሰፍታ ሰፍታ በር አልበቃት ብትል ሊገርም አይገባም። ከመብላቷ በፊትና ከበላች በኋላም አንድ አይደለችም። በእስራኤል በሙቀት ቀን ብዙ የምትታለብ ላም ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ትጠጣለች፤ ጠጥታ ስትመለስ ጎኗ ቢለወጥ ምን ይደንቃል?

የማየቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ላሚቱ ደልዳላ መሬት ላይ በአራት እግሯ እኩል ትቁም። ዳገት ላይ የቆመች ወይም አንድ እግሯን ያሳረፈች ላም ዓይን ታታልላለች። ከዚያ እያንዳንዱን ጎን በሐሳብ ከላይና ከታች ለሁለት ከፍሎ አራቱን ክፍል አንድ በአንድ ማየት ነው። በተለይ የሚታየው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ከዳሌው አጥንት ፊት፣ ከወገቧ በታች ያለው ባለሦስት ማዕዘን ስርጉድ ነው። የግራው ስርጉድ የትልቁ ጨጓራ መስኮት ነው ቢባል ያስኬዳል። የወተት ከብት አማካሪዎች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል። 1 ማለት ስርጉዱ ከመዳፍ በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ላሚቱ ዛሬ አልበላችም ማለት ነው። 3 ለምትታለብ ላም መልካም ነው። 5 ላይ ስርጉዱ ጭራሽ አይታይም፤ ይህ ወተቷን ላቆመች እርጉዝ ላም ደግ ነው፤ ለሌላዋ ግን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ቀረብ ሲባል እጅ ነው የሚሠራው። ጡጫን በግራው ስርጉድ ላይ ጫን አድርጎ መያዝ። ጤነኛ ጨጓራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል እጅን ወደ ውጭ ይገፋል። ከላይ ጥቂት አየር፣ ከመሐል ሲጫኑት ቦታው ቶሎ የማይመለስ ጭምቅ መኖ፣ ከታች ፈሳሽ ይዳሰሳል። ሆዱ ገፍቶ እጅን የሚገፋ ነገር ከሌለ ያኔ ነው መጨነቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለው ከግራ፣ ከላይ የገፋ ሆድ ነው። ስርጉዱ ሞልቶ ከወገቧ አጥንት በላይ ከወጣ፣ ሲመቱት ካስተጋባ፣ ላሚቱ አፏን ከፍታ ምላሷን ካወጣች፣ ተነፍታለች። ጨጓራዋ በሰዓት 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ጋዝ ያመነጫል፤ ላም ይህን የምታስወጣው በማግሳት ነው። ማግሳት ካልቻለች ጋዙ ሳንባዋን ያፍናል፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞትም ትችላለች።

ይህን የደጋ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ላይ ማገጥ ይበዛል። ጠል ያለበትን ማገጥ በባዶ ሆዷ በጠዋት የጋጠች ላም ማታ ቤቷ ላትደርስ ትችላለች፤ እስራኤል ውስጥ ትኩስ አልፋልፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በእነዚህ የጥራጥሬ ዘመድ ተክሎች ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጋዙን አረፋ አድርጎ ያስቀረዋል፣ አረፋ ደግሞ አይገሳም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መነፋት መለየት ግድ ነው። ጋዙ ለብቻው ከሆነ፣ ለምሳሌ ድንች ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ጉሮሮዋን ዘግቶት ከሆነ፣ በአፏ እስከ ጨጓራዋ የሚገባ ቱቦ ወዲያው ያተነፍሳታል። አረፋ ከሆነ ቱቦው ጥቂት ለቅቆ ይደፈናል፤ መድኃኒቱ አረፋውን የሚሰብር ነገር ነው። ሐኪም ሩቅ ከሆነ ግማሽ ሊትር ገደማ የምግብ ዘይት በዝግታ፣ ራሷን ብዙ ሳያንጋጥጡ፣ ምላሷን ሳይጎትቱ ማጠጣት ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ሞት ያመጣል። በቢላ መውጋትን አባቶቻችንም ያውቁታል፣ ሐኪሞችም የራሳቸው መውጊያ አላቸው፤ ቦታው ግን በግራ ስርጉድ ብቻ ነው፣ እሱም ላሚቱ ልትወድቅ ስትል የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ። በቀኝ የወጋ አንጀት ነው የሚወጋው።

አውድማ ገብታ እህል የጠገበች፣ ወይም የፉርሽካና የዱቄት ጆንያ ቀዳ ያደረች ላምም ግራዋ ይሞላል። የእሷ ግን ከጋዙ ይልቅ ውስጡ ያለው ውኃ የበዛበት ነው፤ ሲነቀንቁት ይናጣል፣ እበቷ ቀጭንና ኮምጣጣ ሽታ ያለው ይሆናል፣ ራሷም ትንገዳገዳለች። እህሉ ወደ አሲድ ተለውጦ ደሟን እየመረዘ ነው፤ ውኃ አጠጥቶ ነገ እናያለን የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አሁን እረኛው የማያውቀው፣ የረሆቮት ተማሪ ግን ገና በጠዋቱ የሚማረው በሽታ ላይ ደረስን። የእስራኤል ሆልስታይን በዓመት በአማካይ ከ11 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ወተት ትሰጣለች። የአገራችን ላም በቀን ከሁለት ሊትር ብዙም አታልፍም፤ ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ነውር ይመስላል። ያንን ሁሉ ወተት ለመስጠት አራሷ ላም ብዙ ጥሬ መብላት አለባት። ጥጃው ሲወጣ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። በደሟ ያለው ካልሲየም ይወርዳል፣ የጨጓራዋ ጡንቻ ይዝላል። በዚህ መሐል ጋዝ የሞላው አራተኛው ጨጓራ ከታች ካለበት ይንሳፈፍና በትልቁ ጨጓራና በግራ ጎኗ መካከል ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በወለደች በመጀመሪያው ወር ነው።

ከኋላ ሲያዩዋት ነገሩ ግራ ያጋባል። ግራ ጎኗ ገፍቷል፣ የገፋው ግን የጎድን አጥንቷ አካባቢ ነው፤ ስርጉዱ እንዲያውም ጎድጉዷል፤ ትልቁ ጨጓራ ከግድግዳው ተገፍቶ ርቋላ! ተነፍታ እንዳይባል ከላይ ባዶ ናት፤ ጠግባ እንዳይባል ጥሬውን ትታ ድርቆሽ ብቻ ትቆነጥራለች፤ ወተቷም ቀንሷል። ሐኪሙ ስቴቶስኮፑን ከ9ኛው እስከ 13ኛው የጎድን አጥንት እያዛወረ በጣቱ ይፈነጥቃል። አራተኛው ጨጓራ እዚያ ካለ ባዶ በርሜል በሳንቲም እንደተመታ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። አንዴ የሰማ ተማሪ አይረሳውም። ላሚቱን በጀርባዋ አስተኝቶ ማንከባለል አንዳንዴ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ ዘላቂው በቀዶ ሕክምና መልሶ ከሆድ ግድግዳው ጋር መስፋት ነው።

ያው ጨጓራ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ከወጣና ከተጠማዘዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግራዋ ላም ቀናት ትቆያለች፤ የቀኟ በሰዓታት ትወድቃለች። ዓይኗ ይጎደጉዳል፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ የልቧ ምት በደቂቃ ከ100 ያልፋል። ከቀኝ፣ ከላይ የገፋ ሆድ ያለባት አራስ ላም ሌሊትም ቢሆን ሐኪም የሚቀሰቀስላት ናት።

ቢሾፍቱ፣ ሆለታ፣ ሱሉልታ የዲቃላ ሆልስታይን ላም የሚያረቡ ሰዎች ይህን ክፍል ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በሜዳ የምትግጥ የፎገራ ላም በዚህ አትያዝም ማለት ይቻላል። ፋጉሎና ፉርሽካ ጨምረን፣ ጭድና ድርቆሹን ቀንሰን፣ በጠባብ በረት አቁመን ሃያ ሊትር ስንጠብቅባት ግን ከወተቱ ጋር በሽታውንም አብረን እያስመጣን ነው። ለዚህ እረኝነት ያስተማረው ዓይን አይበቃም፤ አያቶቻችን አይተውት አያውቁምና።

ከታች የሚገፋው ሆድ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ያለ ነው። እርጉዝ ላም በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በሁለቱም ጎን ክብ ሆና ከተነፋች፣ መነሳት ካቃታት፣ የማኅፀኗ ውኃ ከልክ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በጤናው 20 ሊትር ገደማ የሚሆነው ከ100 ሊትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንድ ጎን ብቻ ከታች ድንገት ከወረደ፣ ለስላሳ ከሆነና ሲገፉት ከገባ፣ የሆዷ ጡንቻ ተቀድዶ አንጀቷ ከቆዳ ሥር ነው፤ በቀንድ የተወጋች ላም ላይ ይታያል። አጥንቷ እየወጣ ሆዷ ከሳምንት ሳምንት ከሰፋ፣ ግራው ከላይ እስከ ታች፣ ቀኙ ደግሞ ከታች ብቻ ከገፋ፣ ጨጓራዋን የሚያዘው ነርቭ ወይም የጨጓራዋ መተላለፊያ ታውኳል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍሉንድ በ1940 አጥንቶ ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። መነሻው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት የተዋጠ ሽቦ የተወው ጠባሳ ነው።

ስለ ሽቦ ካነሳን አይቀር፣ ባዶ ሆድም በሽታ ይናገራል። ላም ምላሷ ጠቅልሎ ያመጣላትን ሳትመርጥ ነው የምትውጠው። የተዋጠ ምስማር ከፊተኛው ትንሽ ጨጓራ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት ከወጋ ልብ ቅርብ ነው። ይቺ ላም ሆዷን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ክርኗን ከፍታ ትቆማለች፤ ቁልቁለት መውረድ ትጠላለች። በብዙ አገር ጊደር ሳለች ማግኔት ያስውጧታል፤ ማግኔቱ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ይይዛል። ፌስታልን ግን ማግኔት አይዘውም። በአዲስ አበባ ቄራ በሚታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ፌስታል፣ ገመድ፣ ጨርቅና ምስማር መገኘቱን የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው መዝግበዋል። እንዲህ ያለች ላም ግራዋ የሞላ ይመስላል፤ የሞላው ግን የማይፈጭ ነገር ነው።

እስራኤል ውስጥ ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጥር መሣሪያ አለ። በ1977 በአፊኪም ኪቡጽ የተጀመረው አፊሚልክ የእያንዳንዷን ላም ወተት የሚለካና እርምጃዋን የሚቆጥር መሣሪያ ይሠራል፤ ናታንያ ያደገ ሌላ ኩባንያ ደግሞ ስታመሰኳ የሚመዘግብ የአንገት ማሰሪያ አውጥቷል። ጤነኛ ላም በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ታመሰኳለች። ይህ ሲያጥር ኮምፒዩተሩ ቁጥሯን በቀይ ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ሆዷ መልኩን ከመለወጡ በፊት። እውነት ለመናገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ላሞች ባሉበት ረፈት ከሰው ዓይን ይልቅ ማሰሪያው ይሻላል። ማሰሪያው የማይነግረው የቱ ጎን፣ ከላይ ወይስ ከታች የሚለውን ነው። ለዚያ አንድ ሰው ከኋላዋ መቆም አለበት።

ሐኪም በስልክ ሲጠራም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ከመደወል በፊት አይቶ መልሱን መያዝ ጊዜ ያተርፋል። የገፋው ጎን፣ ከላይ ወይም ከታች መሆኑ፣ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እንደገፋ፣ መቼ እንደወለደች ወይም የስንት ወር እርጉዝ እንደሆነች፣ ትናንት ምን እንደበላች፣ ዛሬ ስታመሰኳ መታየቷ፣ ወተቷ በስንት እንደቀነሰ፣ እበቷም መጠኑና መልኩ። ከግራ ከላይ ተወጥራ መተንፈስ የቸገራት ከሆነች ግን ይህ ሁሉ ይቆይ፤ "ተነፍታለች" ብሎ መጀመር ነው፤ ሐኪሙ የቀረውን ቱቦውን እየያዘ ይጠይቃል።